ተረከዝ የሌለው ካልሲ

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ ያበላሸሁት ጥቂት ነው። አንድ የሙሽራ ሱሪ ከልክ በላይ አሳጥሬያለሁ። አንድ ኮት ደግሞ የኪሱን አፍ ሰፍቼበት ባለቤቱ ክረምቱን ሙሉ እጁን የሚያስገባበት ሲፈልግ ከርሟል። እነዚህን ሁለቱን እግዜር ይቅር ብሎኛል ብዬ አስባለሁ። ሦስተኛው የደረሰው ግን እዚህ ሲያትል ከመጣሁ፣ መርፌ በቃኝ ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ነፋስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሰፋሁት። ይህን ስናገር ሰው ስለ መስኮት የማወራ ይመስለዋል። መስኮት አይደለም፣ ካልሲ ነው። ካልሲም አይደለም። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

የምኖረው ቢከን ሂል ላይ፣ ለአረጋውያን በተሠራ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ነው። ልጄ ቤልቪው ናት። ከእኔ ጋር ኑር ብላኝ ነበር፤ ቤቷ ግን ደረጃው መስታወት ነው፤ እየረገጥኩ ከታች የሚያልፈውን ሰው መላጣ ማየት አልወደድኩም። እዚህ ባቡሩም አውቶቡሱም ደጄ ላይ ነው። መንገዱን ሲሻገሩ ሰፊ የጎልፍ ሜዳ አለ። ከላያችን ደግሞ አውሮፕላን አይጠፋም። አንዳንድ ቀን ሆዳቸውን እያሳዩን ይወርዳሉ፣ አንዳንድ ቀን አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ይወጣሉ። ያኔ እንደ ሾፌሩ ደስታ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ በር ትይዩ የሚኖሩት ጎረቤቴ የዚህ አገር ጥቁር ሰው ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል። እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም። አፌ እንደ ሁሉም ሰው "ዩ" ቢላቸውም በልቤ ግን አንቱ ነው የምላቸው፤ ስጽፍም እንደዚያው ነው። የሚሄዱት በዎከር፣ እየገፉ በሚደገፉት ብረት ነው። እግራቸው ላይ ክረምት ከበጋ ወፍራም የቤት ጫማ አይጠፋም። ይህን ጫማ አስታውሱልኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን የቃረምኩት ከአውቶቡስና ከቴሌቪዥን ነው። እሳቸው ደግሞ የፊት ጥርሳቸው ስለሌለ ግማሹ ንግግራቸው ፉጨት ነው። ሶ፣ ከአምስት ቃል ሁለቱን እይዛለሁ፣ የቀረውን እኔው እሞላዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ስንጨዋወት ኖርን።

የመጀመሪያ ቀን ሊፍት እየጠበቅን "አባቴ ፊልድ ነበራቸው" አሉኝ።

ፊልድ ማሳ መሆኑን አውቃለሁ። "የእኔም አባት ነበራቸው" አልኳቸው።

ዎከራቸውን አቁመው አዩኝ። "የራሳቸው?"

"የራሳቸው። ቡታጅራ አጠገብ።"

"በአፍሪካ?"

"በኢትዮጵያ።"

ሊፍቱ መጣ፤ አልገቡም። "ብዙ በርድ ያርፍበት ነበር?"

በርድ ወፍ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። አባቴ በቆሎና ማሽላ ነበር የሚያመርቱት፤ እሸቱ ሲደርስ የወፉ ነገር አይነሳ። "ኧረ ስንቱ" አልኳቸው። "ጠዋት ጠዋት መቶም ይሆናል።"

"መቶ?"

"አንዳንዴ ከዚያም በላይ።"

"ምን ዓይነት ነው?"

የጅግራን እንግሊዝኛ አላውቀውም። ጅግራ እንደምታውቁት ራሷ ላይ ቆብ የመሰለ አጥንት አላት። እጄን እንደ ቆብ አናቴ ላይ ደፍቼ "ሄልሜት" አልኳቸው። "ሄልሜት ያደረገ።"

ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። "አዎ፣ በዚያን ዘመን ሁሉም ያደርጉ ነበር። አባትህስ የት ይቆሙ ነበር?"

"ማማ ላይ ነዋ። ታወር። ከእንጨት የሠሩት ነው። እዚያ ላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮኹባቸዋል። እሳቸው ሲደክማቸው እኔ እወጣ ነበር።"

ቆባቸውን አወለቁ። ያን ቀን ለምን እንዳወለቁ አልገባኝም፤ የሞቃቸው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ በተገናኘን ቁጥር ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሱልኛል። ሐኪም ያዘዘላቸው የትከሻ እንቅስቃሴ ነው ብዬ እኔም ለማበረታታት አብሬ አነሳለሁ።

የእሳቸውን ታሪክ ደግሞ እኔ እንዴት እንደሰማሁት ልንገራችሁ። ፈረንሳይ፣ አንዲት ሴት፣ ኦቾሎኒ፣ ጎተራ፣ የሚሉ ቃላት ያዝኩ። የአባታቸው ሚስት ጥላቸው ፈረንሳይ አገር ሄዳ፣ ሰውዬው ኦቾሎኒ እየዘሩ ብቻቸውን የቀሩ መሰለኝ። "አይዞዎት፣ ትመለስ ይሆናል" አልኳቸው።

"ተመልሳለች እንጂ" አሉ ኮራ ብለው። "ተመልሳ ሕዝብ ሁሉ እያያት ፍሉ።"

ፍሉ ማለት ጉንፋን ነው። እዚህ አገር በየዓመቱ ክንዳችንን የምንወጋበት ነው። "እግዜር ይማራት" አልኩ።

ትክክለኛውን ነገር ያወቅኩት በኋላ፣ በልጄ አስተርጓሚነት ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፣ አለበለዚያ እንደ እኔ ትጠፋላችሁ። በዚያን ዘመን እዚህ አገር ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር ልማር ቢል የሚያስተምረው አልነበረም። አንዲት ጥቁር ሴት አገሯ ላይ አስተማሪ ብታጣ ቋንቋ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ፈረንሳይ ሄዳ ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች። ተመልሳም በረረች። ፍሉ ያሉት ይህንን ነው፤ በረረች ማለት ነው። ሌሎችም እንደምንም ተማሩ። አንዱም በጣሊያን ጊዜ እኛ አገር ድረስ መጥቶ አገልግሏል። ግን መብረሩን ቢያውቁ ማረፊያ የለም፤ የነጮቹ ሜዳ አይቀበላቸውም። አየር ላይ እንዴት ይታደራል? ስለዚህ የራሳቸውን ሜዳ መጥረግ ጀመሩ። የጎረቤቴ አባት የኦቾሎኒ ማሳቸውን ግማሽ አስተካክለው፣ ጎተራውን የአውሮፕላን ማደሪያ አድርገው፣ እንጨት ተክለው፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ የነፋስ ማሳያ ሰቀሉ፤ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የጨርቅ ቱቦ ነው፣ እንግሊዝኛው ዊንድሶክ፣ የነፋስ ካልሲ ይለዋል። አብራሪው ከላይ ሆኖ ያንን ነው የሚያየው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ካላወቀ አያርፍም። በየጠዋቱ ማሳያውን የመስቀል ሥራ የጎረቤቴ ነበር።

ያ ሜዳ ዛሬ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ነው። ቤታቸው ተቃጥሏል፤ ወረቀት የለ፣ ፎቶ የለ። ከሜዳው የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ያ የነፋስ ማሳያ ነው፤ ጎረቤቴ ከአገር አገር ሲዞሩ በወረቀት ከረጢት ይዘውት ዞረዋል። ከዓመት በፊት አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ መጥቶ አይቶት "የጓሮ ማስጌጫ ሊሆን ይችላል" ብሏቸው ሄደ። እሳቸው ታዲያ ከሞት በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ አባታቸው ሜዳ እንደነበራቸው ሰው ሆኖ የሚያምናቸው። አንዲት የሙዚየም ሴት ማክሰኞ ልትመጣ ቀጠሮ ይዛለች። እሷም ካላመነች ሌላ የሚመጣ የለም።

እኔ ይህን አንዱንም አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርጄ ልብሳቸውን ከእኔው ጋር አጥብላቸዋለሁ፤ ጎንበስ ማለት አይችሉም። ያን ሐሙስ ከዘንቢሉ ሌላ የወረቀት ከረጢት በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ረጅም ነገር ተናገሩ። "ሶክ" የሚለውን ያዝኩ፤ ካልሲ ነው። "ማክሰኞ" እና "ሴት" የሚለውንም ያዝኩ። መጨረሻ ላይ "ላንተ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አንተ የሜዳ ልጅ ነህ" አሉኝ። የገጠር ልጅነቴን ማንሳታቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ሴት ትመጣለች፤ ሽማግሌው ንጹሕ ካልሲ ማድረግ ፈልገዋል። ይህን የማይረዳ ወንድ የለም።

ምድር ቤት ከረጢቱን ስከፍተው ግን ተቀመጥኩ። ብርቱካናማ ነበር፣ ዛሬ የዱባ ቀለም ይዟል። ርዝመቱ የእኔን ቁመት ያክላል። አፉ በርሜል ያስገባል፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ጣት በሚያርፍበት በኩል ክፍት ነው፣ ጫፉም ተበጣጥሷል። ዘርግቼ ብዙ አሰብኩ። አሜሪካ ለሁሉም በሽታ ዕቃ ይሠራል፤ ሁለት እግር ባንድ ላይ የሚገባበት ይሆናል አልኩ። ወይም የአንድ እግር ነው። የአንድ እግር ከሆነ ደግሞ ጓደኛው አለ ማለት ነው።

ጓደኛውን ፈለግኩ። ማድረቂያዎቹን ሁሉ ከፈትኩ። ከዚያ ወረቀት ላይ ካልሲ ሣልኩ፤ ትልቅነቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው ሣልኩበት። በር ላይ ለጠፍኩት። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት አሮጊት ወርደው ሥዕሉን በመነጽራቸው አይተው "ይህን ሰውዬ ሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ" አሉኝ። ካልሲውንስ? ካልሲውን አላዩም።

ጓደኛው ሲጠፋ ያለውን ማዳን ይቀራል። በእጄ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ አደረቅኩት። ቤቴ ወስጄ ጭኔ ላይ ሳደርገው እጄ ወዲያው አንድ ነገር ነገረኝ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያየው በጣቱ ነው። ካልሲ የሚያልቀው ተረከዙ ላይ ነው። ይህ ግን ተረከዙ ጋ ደህና ነው። ተረከዝ የሚባል ቦታም የለውም። ዳሰስኩ፣ ገለበጥኩ፣ የለም።

ሽማግሌው ተረከዝ የላቸውም ማለት ነው።

ያ ሁልጊዜ የማይወልቀው ወፍራም ጫማ ትዝ አለኝ። ለካ ለዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠብቁ ቆመው ሲያጫውቱኝ በጣታቸው ነበር የሚቆሙት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቢያንስ ጣታቸው አይብረዳቸው ብዬ ያለኝን ጠንካራ ቀይ ክር በሰም ወልውዬ፣ የተበጣጠሰውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ድርብ አድርጌ ጠቀምኩት። በእኛ ቋንቋ መጥቀም ሁለት ነው፤ የተቀደደውን መስፋት ነው፣ ሰውን መርዳትም ነው። በሕይወቴ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያደረግኩ የመሰለኝ ያን ቀን ነው። ስፌቱን ጎትቼ አየሁት። በሬ አይፈታውም። አጥፌ ከረጢቱ ውስጥ መለስኩት።

ማክሰኞ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ከረባት አስረዋል። በዎከራቸው ላይ የመጋረጃ ብረት አጋድመው ይዘዋል፤ ከረጢቱም አለ። "ከመምጣቷ በፊት እንሞክረው" አሉኝ። ምኑን እንደምንሞክር ሳላውቅ ተከትያቸው የፎቁ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ከደቡብ በኩል ደህና ነፋስ ነበር። ካልሲውን በሲባጎ ብረቱ ጫፍ ላይ ስናስር እያሰጡት መስሎኝ "ደርቋል እኮ" አልኳቸው። ብረቱን አስያዙኝና "ከፍ አድርገው" አሉኝ። ከፍ አደረግኩት።

ነፋሱ ገባ፤ መውጫ የለውም። ካልሲው እንደ ጠገበ ጥጃ ተነፋ። ከዚያ መዞር ጀመረ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግራ ሮጥኩ፣ ወደ ቀኝ ሮጥኩ። ጎረቤቴ "ምን ሆኗል? እንዲህ አያደርግም ነበር" ይላሉ። ሲባጎው ተበጠሰ። ካልሲው ከበረንዳው ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ አውቶቡስ ቆሞ አሳልፎት፣ ቀስ እያለ ወደ ጎልፍ ሜዳው ሄደ። ልክ ሊያርፍ ሲል እንደገና ተነሳ። ከዚያ ዛፍ ሸፈነው።

ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ዛፉ አሰገግን።

"ጫፉን ዘግተኸዋል" አሉ ጎረቤቴ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ጣትዎ እንዳይወጣ።"

ወደ ጫማቸው ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የሚቆጡበትን ያጡ ይመስላሉ። "ና" አሉ።

ሊፍት፣ መብራት፣ መንገድ፣ የጎልፍ ሜዳው አጥር። የዘጠና ዓመት ሰው በዎከር ሣር ላይ ሲሄድ እንዴት እንደሆነ አልገልጸውም። እኔ የመጋረጃ ብረቱን ተሸክሜያለሁ። ከሩቅ አንድ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው "ፎር" ብሎ ጮኸ። አራት መሆናችንን የሚጠይቅ መሰለኝ። "ሁለት ነን" አልኩት። ደግሞ "ፎር" አለ። ሁለት ጣቴን አሳየሁት። ነጭ ኳስ በጆሮዬ አጠገብ አለፈች፤ ለካ በጎልፍ ቋንቋ ተጠንቀቁ ማለት ነው።

ካልሲውን አሸዋ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ጎረቤቴ ግን ካልሲውን አላዩም። ቀጥ ብለው ቆመው ሜዳውን ያያሉ፤ የታጨደውን፣ ረጅሙን፣ ሁለት ወገን ዛፍ የቆመበትን።

"ይህን ያክላል" አሉ። "በጎን በኩል ኦቾሎኒውን ጨምርበት።"

የሙዚየሟ ሴት የደረሰችው እዚያው ነው። በቀጠሮዋ ሕንጻው ጋ መጥታ፣ የጥበቃው ሰው "አንድ ነገር በረረባቸውና ተከትለውት ሄዱ" ብሎ ጠቆማት። አርባ የሞላት፣ ጥቁር፣ መነጽር ያደረገች፣ ጨዋ ሴት ናት። አሸዋው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ከቦርሳዋ ነጭ ጓንት አውጥታ አጠለቀች። ካልሲ ለመንካት ጓንት የሚያደርግ ሰው በዚያን ቀን ነው ያየሁት።

ጎረቤቴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ባልደረባዬን ላስተዋውቅሽ። አባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የራሳቸው ሜዳ ነበራቸው። ማማ ያለው። በቀን መቶ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር።"

ቃሉ ይህን ጊዜ በርድ አልነበረም። ኤርፕሌን ነበር። ለካ አብራሪዎች አውሮፕላንን በርድ፣ ማረፊያውን ፊልድ ይሉታል።

ሴትየዋ ዓይኗ በራ፤ ብዕሯን አወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምንነጋገረው ባንድ ጊዜ ተገለጸልኝ፤ ሰላምታውም፣ ቆቡም፣ ሄልሜቱም። ዝም ብል፣ የእኔ አባት በውሸት የአየር ሜዳ ባለቤት ሆነው ወረቀት ላይ ሊገቡ ነው። ብናገር፣ የእሳቸውን ቃል ማን ያምናል? የእኔን መቶ አውሮፕላን ያመኑ ሰው ናቸው። ልጄ ጋ ኮል አደረግኩ።

"አባዬ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ። ኦኬ ነህ?"

"ጎልፍ ሜዳ ነኝ።"

"ዋት?"

"አስተርጉሚልኝ። ስፒከር ላይ አድርጌሻለሁ። የእኔ አባት አውሮፕላን እንዳልነበራቸው ንገሪያቸው።"

"አባዬ፣ ማነው ነበራቸው ያለው?"

"እኔ። ጅግራ መሆኑን ንገሪያቸው።"

ጅግራን ሰርች አድርጋ ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ተናገረች። ጎረቤቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። "መቶዎቹም?" አሉ።

"መቶዎቹም" አልኳቸው።

"ሄልሜቱስ?"

"አጥንት ነው።"

ሴትየዋ ብዕሯን ክዳኗ ውስጥ መለሰች። ያ ድምፅ፣ ያ "ቀጭ" ያለው፣ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወደ ካልሲው ጎንበስ ብላ ቀዩን ክር አየችና ፊቷ ቀዘቀዘ። ልጄ ተረጎመችልኝ፦ "ክሩ አዲስ ነው፤ ጫፉ የተዘጋ የነፋስ ማሳያ ደግሞ የለም፤ ምናልባት ማስጌጫ ይሆናል እያለች ነው።"

ማስጌጫ። ጎረቤቴ ዎከራቸውን ጨበጡት። ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚሰሙት፣ አሁን ደግሞ በእኔ ክር ምክንያት።

በኑሮዬ ከተማረ ሰው ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ግን ይህ ጨርቅ ነው። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ እንዳለ ንገሪያት። ቀዩ ክር የእኔ ነው፣ ካልሲ መስሎኝ ነው። ይህን ጨርቅ ሁለት ቀን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ሰው የለበሰው ነገር ሁሉ የሚያልቅበት ቦታ አለው። ሱሪ ጉልበቱ፣ ኮት ክርኑ፣ ካልሲ ተረከዙ። ይህን ሰውነት የነካው አንድም ቦታ የለም። ተረከዝ የለውም። እኔ ጎረቤቴ ተረከዝ የላቸውም ብዬ አልቅሻለሁ።"

"አባዬ፣ ይህንንም ልተርጉመው?"

"ሁሉንም።"

ተረጎመችው። ጎረቤቴ አንድ እግራቸውን ከጫማው አውጥተው ተረከዛቸውን አሳዩን። ደህና ተረከዝ ነው።

"ያለቀው አፉና ጫፉ ነው" ብዬ ቀጠልኩ። "አፉ ዙሪያውን ታስሮበት በነበረ የብረት ቀለበት ተበልቷል። ጫፉ ላይ ያለው ክር ሁሉ ወደ ውጭ ነው የተበጠረው፤ ወደ ውስጥ የገባ አንድ ክር የለም። አንድ ነገር በዚህ እየገባ በዚያ ሲወጣ ብዙ ዓመት ኖሯል። እግር ቢሆን በገባበት ይወጣ ነበር። ደግሞ ጥገናውን እይው። አምስት ዓይነት ክር ነው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው፣ እጁ ግን አንድ እጅ ነው። ማስጌጫ ማን አምስት ጊዜ ይጠግናል? ሰፊዋ ደግሞ ግራኝ ናት፤ ስፌቷ ወደ ሌላ ጎን ነው የሚጋደመው።"

ልጄ ይህን ስትጨርስ ጎረቤቴ "እናቴ ናቸው" አሉ። "በግራ እጃቸው ነበር የሚሰፉት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ሴትየዋ ጨርቁን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አንዱን ጥገና አየች፣ ሌላውን አየች፣ ጫፉን በጓንቷ ጣት ዳበሰችው። ብዕሩ እንደገና ወጣ። ጻፈች፣ ገልብጣ ጻፈች። ጎረቤቴ እጇን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"አሁን ፍታው" አሉኝ።

ሴትየዋ እጇን አነሳች፤ ዕቃው አይነካም፣ ደንብ አለ ማለቷ ነው። ጎረቤቴ በጣም በቀስታ፣ በጣም በትሕትና "ልጄ ሆይ፣ ገና አልሰጠሁሽም" አሏት።

መርፌና ትንሽ መቀስ ከኪሴ አይጠፉም። ተረተርኩት። የራሴን ስፌት ስተረትር ያን ያህል የታገለኝ ጊዜ የለም፤ በሬ አይፈታውም ብዬ የለ? ክሩን ሴትየዋ እየተቀበለች ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ጨመረችው። ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ዱላውን ይዞ ሊቆጣን መጥቶ ነበር፤ ተረከዝ የሚለውን ሲሰማ ቆመ፣ ቆሞም ቀረ። ጨርቁን በቀረው ሲባጎ መልሰን ስናስር፣ ብረቱን አሸዋው ውስጥ እንድንተክል የያዘልን እሱ ነው።

ነፋሱ ገባ። በጫፉ ወጣ። ያ የዱባ ቀለም ጨርቅ ቀጥ ብሎ፣ ሳይዞር ሳይታገል፣ ጫፉ ወደ ሰሜን ተዘረጋ። እንደዚያ ሆኖ ሳየው አፈርኩ። ካልሲ የሚመስለው የትኛው ጎኑ ነበር?

በዚያው ቅጽበት ከሰሜን በኩል አንድ ትልቅ አውሮፕላን ሆዱን እያሳየ በላያችን መጣ። ጎረቤቴ ጣታቸውን ወደ ጨርቁ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ቀሰሩ። ሲያርፍ ነፋሱን በፊቱ ነው የሚቀበለው፤ ጨርቁ ጫፉን ወደ ሰሜን ካሳየ ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ አውሮፕላኑም ከሰሜን መምጣት አለበት። በሾፌሩ ደስታ አይደለም።

"እየታዘዘ ነው" አሉ። ሌላም መጣ። "ይሄም።" አራት እስኪያልፉ እዚያው ቆምን፤ ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ይቆጥር ነበር።

ሴትየዋ ሄዳ ከመኪናዋ ፎርም አመጣች። የጎረቤቴን አባት ስም፣ የሜዳውን ቦታ፣ የእናታቸውን ግራ እጅ ሁሉ ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልጄ "አባዬ፣ አንተ ከዕቃው ጋር ያለህ ግንኙነት ምንድን ነው ትላለች" አለችኝ።

አሰብኩ። "ዘጋሁት፣ ከዚያ ከፈትኩት በያት።"

እንደዚያው ተጻፈ። ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ ጨርቁ ከጣሪያ ተሰቅሏል፤ ከኋላው ማራገቢያ አድርገውለታል። ከሥሩ በመስታወት ውስጥ የእኔ ቀይ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ቁጥር አለው። ልጄ በመኪናዋ ወሰደችን። ሌሎች ሰዎች ጨርቁን ሲያዩ ጎረቤቴ ክሩን እያሳዩ "ይሄ የሱ ነው" ይሉ ነበር።

ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ዛሬም እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሳሉ። የጅግራውን ነገር እያወቁ ነው የሚያደርጉት። እኔም አነሳለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ልብሳቸውን ማጠቤ አልቀረም። ቀዳዳ ሳገኝ ግን አሁን ወዲያው መርፌ አላነሳም። ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጥቁር ካልሲ ነበር፣ ተረከዝ ያለው፣ ጣቱ ጋ የተከፈተ።

"ይህ ቀዳዳ ሥራ አለው?" አልኳቸው።

ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ጣታቸውን አስገቡ፣ አወጡ። ያስተማርኳቸው አንድ የአማርኛ ቃል አለች፤ በጥርሳቸው ክፍተት እያፏጩ አሏት።

"ጥቀም።"